ከነጥብ በፊት ዜሮ

ካትባሎጋን፣ ሳማር ደሴት፤ ባሕሩ ከደጅ ሲያገሳ፣
ጄኔሬተሩ ሦስት ጊዜ ወድቆ፣ ሦስት ጊዜ ሲነሳ፣
በአራስ ሕፃናት ክፍል ውስጥ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አንዲት ልጅ ነበረች በእጄ፣ ስም ገና ያልወጣላት።
ቁርጭምጭሚቷ ላይ የታሰረው «የኤስተሊታ ልጅ» ይላል።
ክብደቷ ሁለት ነጥብ አራት ኪሎ፤ ከደህና ዓሣ ያንሳል።

እናቷ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ተኝታለች፤
እስከ ምጧ ዋዜማ ድረስ ገበያ ዓሣ መዝናለች።
ግራም የምታውቅ ሴት ናት። አሁን ግን እኛን አምናለች።

ሐኪሙ አዝዞ ሄዷል፣ የብዕሩ ቀለም ሳይደርቅ፦
ጄንታማይሲን፣ በኪሎ አራት ሚሊግራም። ቃሉ አጭር፣ ቃሉ ደረቅ።
ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው፣ አራተኛ ክፍል የተማርኩት፤
አራትን በሁለት ነጥብ አራት አባዛሁት፣
ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሆነ። ብልቃጡ
በአንድ ሚሊሊትር አርባ ይዟል፤ ለአርባ አካፈልኩት፣
በእጄ ጀርባ ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ እንደቆምኩ ጻፍኩት፦
ሁለት ነጥብ አራት።

ይህን ቁጥር አውቀው ነበር። ከሚዛኑ ላይ አንብቤው፣
ለእናቷ ጮክ ብዬ ነግሬ፣ መዝገቡ ላይም አስፍሬው።
የለመድኩት ፊት ስለሆነ «ከየት መጣህ?» አላልኩም።
ሌባ የጎረቤት ኮፍያ አድርጎ በጓሮ በር ሲመጣ፣
ውሻው ጅራቱን ይቆላል እንጂ፣ ማን ጮኾ ሊወጣ?

ስሪንጁን ሳብኩ። አንድ። ሁለት። ብልቃጡ ባዶ ቀረ።
«ጎደለኝ» አልኩ። እጄ ወደ ሌላ ብልቃጥ ዞረ።

ማና ኸርሚኒያ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤
ድምጿ ግን መሳቢያው ውስጥ፣ ከጥጡ ሥር ተቀምጧል፦
«ለአራስ ልጅ ሁለት ብልቃጥ?
እንግዲያው ሒሳብሽ መንገድ ስቷል።
አስቀምጪው። ቁጭ በይ። ከራስሽ ጋር ተሳሰቢ፤
የቸኮለ ይቆጥራል እንጂ አያስብም፤ አስቢ።»

ቁጭ አልኩ። መብራቱ ጠፋ። የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነከስኩ፤
ዘጠኝ ውስጥ አርባ ስንት ጊዜ ይገባል? ራሴን ከሰስኩ።
አንድ ጊዜ እንኳ አይገባም! ሩብ ነው፤ ሩብም አይሞላ፤
ዜሮ ነጥብ ሃያ አራት። ከዚህ ውጪ የለም ሌላ።

ለካ ነጥብ ትንሽ አይደለችም፤ የበር መቀርቀሪያ ናት፣
በአንድ ፋንታ አሥር የምታስገባ፣ አንድ ቤት ከሸሸች ለቅጽበት።
ነጥብ በቦታው ካልነጠበ፣ የሚነጥበው እንባ ነው።

ልጅቱ ምናልባት በኖረች፤ ኩላሊቷም በቻለ፤
ጆሮዋ ግን…
ያ መድኃኒት ከጆሮ ጋር ቂም አለው። ስም ወጥቶላት፣
እናቷ ስትጠራት የማትዞር ልጅ አሰብኩ፣
ያ ሁሉ ባሕር እያገሳ፣ ዝም ብሎ የቀረባት።

የሳብኩትን ደፋሁ። ቀጭኗን ስሪንጅ አነሳሁ።
ከጥግ የምታሸልበውን ተረኛ፣ ሮዌናን፣ ቀሰቀስኩ፤
መልሴን ሳልነግራት ለብቻዋ ታሰላው ዘንድ ለመንኩ።
እያዛጋች ጻፈች። ዜሮ። ነጥብ። ሃያ አራት።
ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ፣
እንደዚያ ሌሊት ወድጃት አላውቅም።

ሲነጋ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፣ ስሜን ሳልደብቅ።
አለቃዬ አነበበች። አልጮኸችም። እሱ ነው የሚያስጨንቅ።

በስምንተኛው ቀን ኤስተሊታ ልጇን ታቅፋ ወጣች።
በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ ይዛ መጣች፤
በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ «ሩብ ኪሎ ነው» አለች።
ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጀልባው ሊያመልጣት ነበር፤ ሮጠች።

በሩን ዘግቼ፣ እንደ ሌባ፣ በአራሶቹ ሚዛን ላይ አኖርኩት
(በኋላ በአልኮል ወልውዬዋለሁ)።
ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት።
ዜሮውንም ጮክ ብዬ አነበብኩት።